ስለዚያች ስሙኒ፤ ከአንድ ማኅተም ቀራጭ

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ከሦስት ሳምንት በፊት በውስጥ ገጻችሁ ላይ የአንዲት የድሮ ስሙኒ ፎቶግራፍ ወጥቶ ነበር። ከሥሩ «ሲታተም በስህተት ዳሩ የተቀነጣጠበ ብርቅ ሳንቲም» የሚል መግለጫ አለ፤ ባለቤቱም መኪና የሚገዛ ገንዘብ እንደሚጠብቅበት ተጽፏል። እኔ ጋዜጣ ከጀርባው ጀምሬ የማነብ ሰው ነኝ። ፎቶግራፉን ከርእሰ አንቀጹ በፊት አየሁትና ለብቻዬ ሳቅሁ። ሳቁ የቆየው እስከ ማግሥቱ ጠዋት ድረስ ብቻ ነው። ሦስት ሰዓት ላይ ሱቄን ልከፍት ስደርስ አንድ ሽማግሌ በመሐረብ የተቋጠረ ሳንቲም ይዘው ደጅ ቆመው ነበር።

ከዚያን ቀን ወዲህ አሥራ ዘጠኝ ሰው መጥቷል። በደንበኞች መዝገቤ የመጨረሻ ገጽ ላይ እየጻፍኩ ስለቆጠርኩ ቁጥሩን አልሳሳትም።

የእኔ ሥራ ሳንቲም አይደለም። ማኅተም እቀርጻለሁ፤ የክብ፣ የሞላላ፣ የፊርማ፣ የቀን። ለሠላሳ ስምንት ዓመት ፒያሳ ውስጥ ባለ አንድ በር ሱቅ ነበረኝ፤ በ2016 ዓ.ም. አካባቢው ሲፈርስ ዕቃዬን ሸክፌ ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ከፖስታ ቤቱ ሽቅብ ባለ ሕንፃ ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራየሁ። ዓይኔ ላይ የምሰካው አጉሊ መነጽር፣ ትንሽ ሚዛንና ጥሩ መብራት ስላለኝ ሰው ሁሉ ሳንቲም አዋቂ አድርጎ ይቆጥረኛል። እውነቱን ለመናገር ጥቂት አውቃለሁ። ሳንቲም ማለት ያለ ቀለም የተመታ ማኅተም ነውና።

በስሙኒዋ ልጀምር። ያወጣችሁት የ1936 ዓ.ም. ባለ 25 ሳንቲም መዳብ ነው። ጣሊያን ከወጣ በኋላ አዲሱ ገንዘባችን ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲውል ሳንቲሞቹ የተመቱት በአሜሪካ፣ ፊላደልፊያ ነበር። ለባለ 50ው ሽልንግ የሚሆነውም ብር በጦርነቱ ጊዜ በብድር ከዚያው ከአሜሪካ የተገኘ ነው። ዓመተ ምሕረቱ «፲፱፻፴፮» ተብሎ ተቀረጸ፤ ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመታት እየተደጋገመ ሲመታ ቀኑን የነካው ሰው አልነበረም። በእጃችሁ ያለው ሳንቲም ፲፱፻፴፮ ስላለ በ1936 ተመታ ማለት አይደለም፤ በ1950ዎቹ ወይም ከዚያም በኋላ የተመታ ሊሆን ይችላል። (ከአሥራ ዘጠኙ ሰዎች አራቱ ይህን ቁጥር ማንበብ አልቻሉም። ፷ን ከ፯፣ ፴ን ከ፵ ይደባልቃሉ። የራሳችንን ቁጥር ማለቴ ነው። ይህን ሌላ ቀን እጽፋለሁ።)

ባለ 25ቱ መጀመሪያ ድፍን ክብ ነበረ። ችግሩ መጠኑ ነው፤ ከብሩ ሽልንግ ጋር ተቀራረበ። መዳብን ነጭ ማስመሰል ደግሞ ለእጅ ባለሙያ የግማሽ ቀን ሥራ እንኳ አይሆንም። ስለዚህ በ1940ዎቹ አጋማሽ ክቡ ተሰብስቦ ዳሩ እንደ አበባ ቅጠል የተቀነጠበው ስሙኒ ወጣ። ከእነዚህ መካከል ዳሩ ጥርት ብሎ የተሠራ አለ፤ ሸካራና ወጣ ገባ የሆነም አለ። እናንተ ፎቶግራፍ ያነሣችሁት ሸካራውን ነው። የሳንቲም ማተሚያ ቤት ስህተት አይደለም፤ በሰው እጅ የደረሰ ጉዳትም አይደለም። መንግሥት አስቦበት ያደረገው ነገር ነው። እናቴ ማታ ኩራዝ ሳታበራ መቀነቷን ፈትታ ስሙኒን ከሽልንግ በአውራ ጣቷ ትለይ ነበር፤ ዳሩ የተቀነጠበው ለእንደ እሷ ዓይነቷ ሰው ነው።

ይህን ለመጀመሪያው ሽማግሌ ነገርኳቸው። «ታዲያ ጋዜጣው ዋሸ?» አሉኝ። አልዋሸም፣ አልጠየቀም አልኳቸው።

እንግዲህ ከማተሚያ ቤት የወጣ ስህተት በኋላ ከደረሰ ጉዳት የሚለይበትን ነገር በራሴ ሙያ ላስረዳ፤ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም። ለሰም የሚሆን የናስ ማኅተም ስቀርጽ ፊደሉን ገልብጬ አጎደጉደዋለሁ። ሰሙ ላይ ሲመታ ፊደሉ ቀንቶና ጎልቶ ይወጣል። የሳንቲምም ማኅተም እንዲሁ ነው። ሁለት የብረት ማኅተሞች ከላይና ከታች ሆነው በመካከላቸው ያለውን ልሙጥ ክብ ብረት ይጨምቁታል፤ ብረቱ ወደ ጎን እንዳይፈስ ዙሪያውን ቀለበት ይይዘዋል። አሁን የናስ ማኅተሜ በብዛት ከመመታቱ የተነሣ ተሰነጠቀ እንበል። ሰሙ ስንጥቁ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ሰሙ ላይ የምታዩት የተሰነጠቀ ነገር ሳይሆን ከፍ ብሎ የወጣ፣ እንደ ክር የቀጠነ መስመር ነው። የማኅተሙ ጠርዝ ተሸርፎ ቢወድቅማ ሰሙ ላይ በዚያ ቦታ ፊደል የሌለበት እብጠት ይወጣል።

ሳንቲም ላይም ጎልቶ የወጣ ያልተለመደ መስመር ስታዩ ልባችሁ ትንሽ ይምታ። ከማኅተሙ የመጣ ሊሆን ይችላል። የጎደጎደ ከሆነ ግን በአብዛኛው የሰው፣ የድንጋይ ወይም የቁልፍ ሥራ ነው። ብረት ሲጫር ብረቱ የትም አይጠፋም፤ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይገፋና እንደ ታረሰ መሬት ትልም ከንፈር ያወጣል። በአጉሊ መነጽር አይታችሁ ከንፈሩን ካገኛችሁት ነገሩ አለቀ።

ይህ ደንብ ልጓም እንዳለው ግን መናገር አለብኝ፤ አለበለዚያ እኔም እንደ እናንተ መግለጫ ጸሐፊ እሆናለሁ። ሲመታ በማኅተሙና በብረቱ መካከል ክር ወይም የብረት ብናኝ ቢገባ ሳንቲሙ ላይ የጎደጎደ ምልክት ይቀራል፤ ይህ እውነተኛ የማተሚያ ቤት ስህተት ነው። ልዩነቱ ከንፈር የለውም፤ የጉድጓዱም ወለል እንደ አካባቢው የለሰለሰ ነው፤ የተጫረ ብረት የሚያወጣው ጥሬ ብልጭታ አይታይበትም። ቅባትና ቆሻሻ የማኅተሙን ፊደል ሲደፍነው ደግሞ ፊደሉ ሳይወጣ ይቀራል። የእኔም ደንበኞች ማኅተማቸውን ለዓመታት ሳይጠርጉ እየመቱ «መ» ስትደፈን ወደ እኔ ይመጣሉ፤ ጥፋቱን ለእኔ ለመስጠት።

«ፊደሉ ሁለት ሁለት ሆኖ ታትሟል» ብለው ሦስት ሰዎች መጥተዋል። ይህን መሥሪያ ቤት ውስጥ ማኅተም የሚመታ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ማኅተሙን ወረቀቱ ላይ አሳርፎ ሲያነሣ እጁ ከተንሸራተተ ክቡ ጥላ ያወጣል። ያ የዚያች አንዲት ወረቀት ችግር ነው። እኔ ስቀርጽ ተሳስቼ ፊደሉን ሁለቴ ብቀርጸው ግን ከዚያ በኋላ የሚመታው ደብዳቤ ሁሉ ባለ ድርብ ፊደል ሆኖ ይወጣል። አንድ ጊዜ ደርሶብኛል፤ የማን ማኅተም እንደነበረ አልናገርም፤ በነፃ ሠርቼ መልሻለሁ። ሳንቲም ላይ ማኅተሙ ሲመታ የተንሸራተተ እንደሆነ የፊደሉን ጎን ይጠርገውና ዝቅ ያለ ጠፍጣፋ እርከን ይተዋል፤ ፊደሉም ይቀጥናል። ይህም መጭመቂያው ውስጥ የተፈጠረ ነው፤ ግን በየጊዜው የሚያጋጥም ስለሆነ ሰብሳቢዎች ከቁጥር አያስገቡትም። ማኅተሙ ራሱ ድርብ ሆኖ የተቀረጸ ከሆነ ሁለቱም ፊደሎች ክብ ትከሻና ሙሉ ቁመት አላቸው፤ ፊደሉ አይከሳም፣ እንዲያውም ይወፍራል። እንዲህ ያለው ሳንቲም መንታ ወንድሞችም አሉት። ከአንድ ማኅተም የወጡ በሺህ የሚቆጠሩ ናቸውና ብቸኛ ሊሆን አይችልም። የሦስቱ ሰዎች ሳንቲም የመጀመሪያው ዓይነት ነበረ፤ የአንደኛው እንዲያውም ኪስ ውስጥ ከቁልፍ ጋር ሲፋተግ የኖረ ነው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልግባ። ከሳምንት በኋላ አንድ ወጣት መጣ። የ1969 ዓ.ም. ሽልንግ ይዟል፤ የአንበሳው ጉንጭ ላይ የተገለበጠና የጎደጎደ ጽሑፍ አለበት። «ጋሼ፣ ሁለቴ የተመታ ነው፤ በሦስት ሺህ ብር ነው የገዛሁት» አለኝ። ዓይኑ ውስጥ ያለውን ተስፋ አይቼ ወዲያው መናገር ከበደኝ። ሻይ አዘዝኩለት።

የተገለበጠና የጎደጎደ ምስል ያለበት እውነተኛ ሳንቲም አለ። የተመታው ሳንቲም ከማኅተሙ ላይ ሳይላቀቅ ተጣብቆ ይቀርና ቀጣዩ ልሙጥ ብረት ሲገባ የተጣበቀው ሳንቲም ራሱ ማኅተም ይሆናል። በዚህ ጊዜ አዲሱ ብረት ላይ የሚወጣው የፊተኛው ምስል ተገልብጦ፣ ጎድጉዶ ነው። ነገር ግን ልብ በሉ፤ የተጣበቀው ሳንቲም ማኅተሙን ሸፍኖታል። ስለዚህ የጎደጎደው ምስል ባለበት ቦታ ከሥሩ ሌላ ጎልቶ የወጣ ምስል ሊኖር አይችልም። በዚህ ልጅ ሳንቲም ላይ ሁለቱም ነበሩ። አንበሳው በቦታው አለ፤ ጎፈሩ ግን ጽሑፉ ባረፈበት ላይ ተረግጧል። ሳንቲሙን ስገለብጠው በትክክል በዚያው አንጻር ያለው ምስል እንደ ተተኮሰ ሸሚዝ ተዳምጧል። ሁለት ሳንቲሞችን ፊት ለፊት አድርጎ ሞርሳ ውስጥ ያጠበቀ ሰው ሥራ ነው። እኔ ዘንድ ያለችው ሞርሳ ትንሽ ናት፤ ቢሆንም እዚያው ፊቱ በሁለት አሮጌ ሳንቲሞች ሠርቼ አሳየሁት። አራት ደቂቃ ፈጀ። ልጁ ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ። ሦስት ሺህ ብሩን የከፈለው ጋዜጣችሁ ከወጣ በሁለተኛው ቀን ነው።

ይህን የምጽፈው በዚህ ምክንያት ነው እንጂ ስለ አንዲት ስሙኒ ብዬ አልነበረም።

ከአሥራ ዘጠኙ መካከል ደስ ያሰኙኝ አንዲት እናት ናቸው። ሰማንያን ያለፉ ይመስለኛል። ከነጠላቸው ጫፍ የምኒልክን አንድ ብር ፈትተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። «ልጄ፣ ከላይ በኩል ፊደሉ ሳይታተም የቀረ ነው ይላሉ የልጅ ልጆቼ፤ እስቲ እየው» አሉኝ። የምኒልክ ብር ፓሪስ የተመታ፣ ከማርትሬዛው ጠገራ ብር ክብደት ጋር እንዲመጣጠን ታስቦ የተሠራ ነው። አዲስ ሳለ 28 ግራም ከጥቂት ይመዝናል፤ ከሺህ 835 እጁ ንጹሕ ብር ነው። የእሳቸው 27 ግራም እንኳ አልሞላም። ከላይ በኩል እውነትም ፊደሉ የለም፤ በቦታው ትንሽ ጉብታ አለ። ጎልቶ የወጣ ሁሉ ከማኅተም ነው ካልኩ ይህ ሊያሳስተኝ ይገባ ነበር። ግን የጉብታው ቀለም ከብሩ ይለያል፣ ወደ ቢጫ ያደላል፤ ቅርጹም እንደ ቀለጠ ሻማ ጠብታ ነው። ዳሩ ላይ የሞረድ ጥርስ አለ። ጀርባው ከፊቱ ይልቅ አልቋል፤ ልብስ ላይ ሲንሸራሸር ኖሯላ። ብየዳ ነው። ማንጠልጠያ ነበረበት።

«አንገት ላይ የዋለ ነው እናቴ» አልኳቸው።

«የአያቴ ነው፤ ታዲያ ይኼ ስህተት ይባላል?»

«አይባልም።»

«ደግ። ስህተት ነው ቢሉኝ ይከፋኝ ነበር» አሉና መልሰው ነጠላቸው ላይ ቋጠሩት። የልጅ ልጆቻቸው ምን እንዳሉ አልሰማሁም።

እግረ መንገዴን፦ በምኒልክ ብር ላይ አንበሳው ግራ እግሩን ያነሣም አለ፣ ቀኝ እግሩን ያነሣም አለ። ሁለቱም ታስቦባቸው የተቀረጹ ማኅተሞች ናቸው። «አንበሳው የተሳሳተ እግሩን አነሣ» እያለ ዋጋ የሚቆልል ሰው ካያችሁ ሰላምታ ሰጥታችሁ እለፉ።

እኔም ብሆን በልጅነቴ ሳንቲም አበላሽቻለሁ። ያደግሁት ለገሃር አጠገብ ነው። የጅቡቲው ባቡር ሲነሣ ሐዲዱ ላይ አምስት ሳንቲም አስቀምጠን ሣር ውስጥ እንተኛ ነበር። ባቡሩ ካለፈ በኋላ ሳንቲሙ ትኩስ ነው፤ እንደ ቅጠል ሳስቶ፣ ሞላላ ሆኖ እናገኘዋለን። አባቴ ሲያውቅ የደረሰብኝን አልጽፍም። ከእነዚያ አንዷ ዛሬም መሳቢያዬ ውስጥ አለች። ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው ቁርጥ እሷን የመሰለች ይዞ መጥቶ «ያለ ቀለበት የተመታ» አለኝ። ቃሉን ከየት እንዳገኘው እንጃ፤ ነገሩ ግን እውነት አለ። ዙሪያውን የሚይዘው ቀለበት ሳይኖር የተመታ ሳንቲም ወደ ጎን ይፈሳል፤ ይሰፋል፤ ጠርዝ አያወጣም። ክብደቱ አይጎድልም። የባቡሩም ሳንቲም ክብደቱ አይጎድልም፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ሚዛን አይረዳችሁም። የሚረዳችሁ ምስሉ ነው። ያለ ቀለበት የተመታው ሳንቲም ምስሉ ሙሉና ስል ነው፤ ምክንያቱም የሰፋው እየተመታ ሳለ ነው። ከተመታ በኋላ የተዳጠው ግን ምስሉም አብሮ ተዳጥቷል፤ ንጉሡ በርቀት በጉም ውስጥ የሚታዩ ይመስላሉ። መሳቢያዬን ከፍቼ የእኔን አሳየሁት። «አንተም ለገሃር ነው ያደግኸው?» አለኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ሳንቲም አላወራንም።

በሚዛን የሚያዙት በአሲድ የተነከሩት ናቸው። የባትሪ አሲድ ሳንቲሙን ከሁሉም አቅጣጫ እኩል ይበላዋል፤ ይሳሳል፣ ይጠብባል፣ ፊደሉ እንደ ሳሙና ላይ ጽሑፍ ይሟሽሻል። «በሳሳ ብረት ላይ የተመታ» ይሉታል ሻጮቹ። በሳሳ ብረት ላይ ቢመታማ ስፋቱ ያው ሆኖ ውፍረቱ ብቻ ይቀንስ ነበር፤ ማኅተሙና ቀለበቱ አልተለወጡምና። አምስት እኩያ ሳንቲሞች ጎን ለጎን አኑራችሁ ስፋቱንም ክብደቱንም አስተያዩ። ባለ ሁለት ቀለሙ አንድ ብር መሐሉ ወጥቶ ሲመጣልኝ ደግሞ መዶሻ የያዘውን ልጅ ነው የማስበው። በቀዳዳው ዙሪያ ምስሉ ቀጥ ብሎ ከተቆረጠ መሐሉ የወጣው ከተመታ በኋላ ነው። ሲመታ መሐሉ ባይኖር ኖሮ የውጪው ብረት ወደ ባዶው ቦታ ይፈስና የቀዳዳውን አፍ ያበላሸው ነበር።

ከፈረሱት የፒያሳ ቤቶች ወለል ሥር የወጡ ሳንቲሞች ስድስት ሰዎች አምጥተውልኛል። መዳቡ አረንጓዴ ለብሷል፤ አንዳንዱ እሳት አግኝቶት አብጦ እንደ በሰለ ሊጥ ፊኛ አውጥቷል። ፊኛውን «የማተሚያ ቤት እብጠት» ብለው ለመሸጥ ያሰቡ ነበሩ። የእሳት ፊኛ የትም ቦታ ይወጣል፤ ከሥሩ ያለውን ፊደል ይዞት ይነሣል እንጂ አያጠፋውም። የማኅተም ሽራፊ ግን የሚወጣው ጠርዝ ላይ ነው፤ ፊደሉንም ጨርሶ ያስቀረዋል። እነዚህን ሳንቲሞች የትኛው ቤት፣ የትኛው ወለል ሥር እንደተገኙ ማንም አልጻፈም። ለእኔ ከፊኛው ይልቅ ይህ ያሳዝነኛል።

እውነተኛ ስህተት አይቼ አላውቅም ማለት አይደለም። አንዲት አለችኝ። በ1985 ዓ.ም. ከታክሲ ረዳት መልስ የተቀበልኳት የ1969 ዓ.ም. አምስት ሳንቲም ናት፤ ከጎኗ አንድ ሰው የነከሳት ይመስላል። መጀመሪያ እኔም በመቀስ የተቆረጠች መስሎኝ ነበር። ልጆች በተዳመጠ ሊጥ ላይ ብርጭቆ እየደፉ ብስኩት ሲቆርጡ አይታችኋል? ብርጭቆውን ቀድሞ ከተቆረጠው ቀዳዳ አጠገብ አስጠግተው ከደፉት ብስኩቱ ጎኑ ጎድሎ ይወጣል። ሳንቲምም የሚሆነው ልሙጥ ብረት ከረጅም ዝርግ ብረት ላይ እንዲሁ ነው የሚቆረጠው። ብረቱ በበቂ ሳይገፋ መቁረጫው ቢወርድ ጎዶሎ ክብ ይወጣል። ይህ ጎዶሎ ክብ ከመመታቱ በፊት ዳሩን ከፍ በሚያደርግ መሣሪያ ውስጥ ያልፋል። መሣሪያው የሚሠራው ከሁለት ወገን በመጭመቅ ነው፤ በአንዱ ወገን ብረት ከሌለ በተቃራኒው ወገን የሚገፋ ኃይል አይኖርም። ስለዚህ ጉድለቱ ባለበት ትክክለኛ አንጻር፣ ከሳንቲሙ ማዶ፣ ጠርዙ ሳይነሣ ይቀራል። ሰብሳቢዎች የብሌክስሊ ውጤት ይሉታል። የእኔዋ አምስት ሳንቲም ይህ አላት። በጉድለቱ አጠገብ ያለውም ፊደል ብረቱ ስላነሰው ወደ ባዶው ቦታ ተስቦ ቀጥኗል። መቀስ ወይም ሞረድ ይህን ሊያደርግ አይችልም፤ መቀስ የሚቆርጠው የተቆረጠውን ብቻ ነው፣ ማዶውን ሄዶ አይነካም።

እኩዮቿ 3 ግራም ገደማ ሲመዝኑ እሷ 2.7 ናት። ምን ያህል ታወጣለች ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፤ አትሸጥም።

በነገራችን ላይ አባቶቻችን ከእኛ ይልቅ ጠንቃቆች ነበሩ። ጠገራ ብር ቪየና ቢመታ፣ ሮም ቢመታ፣ ለንደን ቢመታ፣ ሁሌም 1780 የሚል ቁጥር ነው የተጻፈበት፤ ቁጥሩ አልነገራቸውም። ነጋዴው ብሩ ላይ ባለችው ንግሥት፣ በማርያ ቴሬዛ፣ ትከሻ ላይ ባለው ጌጥ ዙሪያ ያሉትን ዕንቁዎች ይቆጥር ነበር፤ ዘጠኝ ካልሞሉ ወይም አልቀው ካልታዩት መልሶ ይሰጣል። አጉሊ መነጽር አልነበረውም።

ከመጡት ሳንቲሞች አሥራ አንዱ ታጥበዋል። በሎሚና በአመድ፣ በጥርስ ሳሙና፣ አንዱ በአሸዋ። እባካችሁ ይህን እንኳ አትሙልኝ፦ ሳንቲም አትጠቡ። የታጠበ ሳንቲም ላይ ምኑ የማኅተሙ፣ ምኑ የሎሚው እንደሆነ ለመለየት እኔም ይቸግረኛል፤ የቆዳውን ታሪክ አጥባችሁ ደፍታችሁታልና።

ከእናንተ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። የስሙኒዋን መግለጫ አርሙ። ደግሞም አንድ ሰው ለሳንቲሙ የጠየቀውን ገንዘብ ዋጋው አስመስላችሁ አትጻፉ፤ መጠየቅና መሸጥ የተለያዩ ናቸው፤ እኔም ለዚህች ጠባብ ክፍል ብዙ ነገር ተጠይቄባታለሁ።

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። አሥራ ዘጠነኛው ሰው ሳንቲም ይዞ አልመጣም፤ የጋዜጣችሁን ቁራጭ ይዞ ነው የመጣው። «እንደዚህ ፊደሉ የተገለበጠ ስሙኒ ካለህ እገዛለሁ» አለኝ። መነጽሬን ሰክቼ ፎቶግራፉን ደግሜ አየሁት። ልክ ነው፤ ተገልብጦ ታትሟል። የንጉሡ ስም ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚነበበው። ዕድሜዬን በሙሉ የተገለበጠ ፊደል ሳነብ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ሳይታወቀኝ አቃንቼ አንብቤው ኖሯል። ከሌላ ሰው ቅጂ ጋር አስተያየሁት፤ ያው ነው። የሕንፃው ጥበቃ ቅጂም ያው ነው። ስለዚህ ያለ ጥርጥር ከማተሚያ ቤት የወጣ ስህተት ነው፤ አንዱን ቅጂ በላስቲክ ጠቅልዬ ከአምስት ሳንቲሜ ጋር አስቀምጬዋለሁ። በቅጂው ጥግ ላይ ያለው የቡና ጠብታ ግን የእኔ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
ማኅተም ቀራጩ፣ ከቸርችል ጎዳና
(ስሜንና አድራሻዬን ለዝግጅት ክፍሉ ብቻ በሌላ ወረቀት ጽፌአለሁ፤ እንዳታወጡት፤ ሃያኛ ሰው አልፈልግም።)